በሐይቅ፣ በአርድቦና በቦርከና የዱር ዝይን አቆጣጠር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሐይቁ ወሬ ከተነሣ «ዝዩ እኮ በዛ» የሚል ሰው አይጠፋም። የቦርከናን ዳር ይዘው የሚያርሱ የኮምቦልቻና የሐርቡ ገበሬዎችም ቡቃያቸውን የሚግጠው መንጋ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መምጣቱን ያወሳሉ። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «በዛ» የሚለው ሰው አምና በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ዳር ቆሞ እንዳየ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። የዝይ ቁጥር በእርግጥ መጨመሩን ለማወቅ የሚቻለው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት አቆጣጠር እየቆጠሩ ለዓመታት መዝግቦ በመያዝ ነው። ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባት፣ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራትና በራሱ ተነሣሽነት መቁጠር ለሚፈልግ ሰው ሁሉ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሩቁን ከሚያቀርብ መነጽር (ባይናኩላር) እና ከደብተር በላይ ወጪ አይጠይቅም።

አንደኛ፦ ወፉን መለየት

በአካባቢያችን ብዙ ሰው በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ «ዳክዬ» ወይም «የውሃ ወፍ» ብሎ ስለሚጠራ፣ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ጠዋት ለዓይን ማሠልጠኛ መመደብ ያስፈልጋል።

በአብዛኛው የሚያጋጥምዎት የግብጽ ዝይ ነው። ስሙ የግብጽ ይሁን እንጂ አገሩ ከናይል ሸለቆ ጀምሮ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ከ63 እስከ 73 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዓይኑን የከበበው ጥቁር ቡናማ ቀለበት በዱላ የተመታ ያስመስለዋል፤ ደረቱ ላይ አንድ ቡናማ ነጠብጣብ አለው፤ እግሩ ሮዝ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ከሩቅ የሚያበራ ነጭ ሰሌዳ ይታያል። ድምፁም ይረዳል። ሴቷ ጮክ ብላ ትንጫጫለች፤ ወንዱ ግን መርፌ እንደ ነካው ጎማ «ሽሽሽ» እያለ ይተነፍሳል። አንድ ጠዋት በሐይቁ ዳር ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ ሁለት ወንዶች አንገታቸውን አስግገው፣ ክንፋቸውን ከፍተው፣ በደረታቸው እየተገፋፉ ጭቃው ላይ ሲዞሩ ከአሥር እርምጃ ርቀት ተመልክቻለሁ፤ ሴቷ ከጎናቸው ቆማ ታበረታታ እንደሆነ ወይም ትገላግል እንደሆነ ለመለየት አልቻልኩም። ጠባቸው ሲያበቃ ጭቃው ላይ የቀረው አሻራ ስፋቱ የሌማት ያህል ነበር።

ሁለተኛው ከክንፉ መታጠፊያ ላይ እሾህ የበቀለለት ትልቁ ዝይ ነው። ይህ ከቦርከና ዝቅተኛ ክፍል ወደ ጨፋ ረግረግ በሚወረድበት አቅጣጫ ሊያጋጥም ይችላል። አካሉ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ፊቱና ምንቃሩ ቀላ ያለ ሲሆን፣ ወንዱ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ከግብጽ ዝይ ጋር አይምታታም። ይህን ወፍ አርዶ ለመብላት ለሚያስብ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከሚመገባቸው ጥንዚዛዎች የሚያገኘው መርዝ በሥጋው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

ሦስተኛው ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። በገፈርሳ ግድብና በባሌ ተራሮች የታወቀው ይህ ወፍ የደጋ ወፍ በመሆኑ፣ ከሐይቁ ይልቅ ከደሴ በላይ ባሉት ቀዝቃዛ ሜዳዎችና የጅረት ዳር ሣሮች መፈለግ ይሻላል። አካሉ አመድማ ቡናማ፣ የክንፉ የፊት ክፍል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ምንቃሩና እግሩ አጫጭርና ጥቁር ናቸው። ሲቆምም ሲሄድም ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ በጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድ አለው፤ ይህን ያየ ሰው ሌላ ምልክት አይፈልግም። ካገኙት ቁጥሩ አንድም ቢሆን ፎቶግራፍ አንሥተው ለብቻው ይመዝግቡት።

ከዝይ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ወፎችም አሉ። በሐይቁ መካከል በመቶዎች ተጠጋግቶ የሚንሳፈፈው፣ ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ ግንባሩና ምንቃሩ ነጭ የሆነው ወፍ ዝይም ዳክዬም አይደለም። ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ተመልሰው የሚሄዱ ዳክዬዎች ናቸው። በውጭ አገር ጽሑፎች ላይ ስለ ካናዳ ዝይ መብዛት የሚነበበው እኛን አይመለከትም። የሚገርመው ግን የእኛው የግብጽ ዝይ ለጌጥ ተወስዶ በአውሮፓ ከተራባ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ወራሪ ከሚላቸው መጤ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እዚያ መጤ የተባለው እዚህ ባለ አገር ነው።

ሁለተኛ፦ የመቁጠሪያ ነጥቦችን መምረጥና ፈቃድ መያዝ

የሐይቅ ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስፋቱ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ይህን ሁሉ ውሃ ከአንድ ቦታ ቆሞ መቁጠር አይቻልም። ዝይ ግን ጥልቅ ውሃ ላይ የሚያገኘው ምግብ ስለሌለ ኑሮው ዳር ዳሩን፣ ሣር ባለበትና ውሃው በሳሳበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሣራማ ዳርቻዎችን፣ የወንዝ መግቢያዎችንና የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ልሳነ ምድር ዙሪያ የሚያሳዩ አራት ወይም አምስት ነጥቦችን ይምረጡ። የአንዱ ነጥብ እይታ ከሌላው ጋር እንዳይደራረብ፣ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድንጋይ» ብለው ወሰን ይስጡት፤ ወሰኑንም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሥዕል ያስቀምጡት። በሁለተኛው ሐይቅ በአርድቦ ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ። በቦርከና ደግሞ ከኮምቦልቻ በታች ወንዙ በሚዘረጋበት ሜዳ፣ በድልድይና በእርሻ መካከል ያለ አንድ ኪሎ ሜትር ለክተው ያንኑ ብቻ በእግር እየተጓዙ ይቁጠሩ። በዚያ የወንዙ ክፍል የከተማ ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባ ቦቲ ጫማ ማድረግና ከምሳ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

ነጥብ አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም። የተሻለ ቦታ ቢያገኙ አዲስ ነጥብ ብለው ይጨምሩት እንጂ በአሮጌው አይተኩት።

ፈቃድን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። በመነጽር ሩቅ የሚያይና በደብተር የሚጽፍ እንግዳ ሰው በዚህ ዘመን በእኛ አካባቢ መጠርጠሩ አይቀርም፤ የጠረጠረውም ሰው ሊወቀስ አይገባም። መታወቂያና ከቀበሌ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ሳይዙ ከቤት አይውጡ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር፣ ከካምፕና ከኬላ አጠገብ መነጽር አያውጡ፤ እዚያ ያለ ዝይ ሳይቆጠር ይቅር። ወደ ገዳሙ ሲጠጉም አባቶችን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። እኛ መጀመሪያ በሄድን ጊዜ «አባቴ፣ ወፍ ልንቆጥር ነው የመጣነው፤ ይፍቀዱልን» ብንላቸው፣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጥቂት አሰብ አድርገው «ቁጠሩ ልጆቼ፤ ቆጥራችሁ ስታበቁ ግን ለመብል እንዳታደርጓቸው» አሉን። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝዩ የት እንደሚያድር የሚነግሩን እርሳቸው ናቸው።

ከእርሳቸው ቀጥሎ ጥሩ መረጃ ያላቸው ማማ ላይ ተቀምጠው ማሽላ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። መንጋው በየት በኩል መጥቶ በየትኛው ማሳ እንደሚያርፍ ከወንጭፋቸው በፊት ዓይናቸው ያውቀዋል።

ሦስተኛ፦ ቀንና ሰዓት መወሰን

ዝይ ሌሊቱን በውሃ ዳር ወይም በዛፍ ላይ አብሮ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለግጦሽ ወደ ሣርና ወደ ማሳ ይበተናል፤ ወደ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡00 ባለው ጊዜ ወይም ማታ ከ10፡30 እስከ 12፡00 ባለው ጊዜ መቁጠር ይገባል። በአራት ሰዓት ደርሶ «ዛሬስ ጠፍተዋል» የሚል ቆጣሪ ዝዮቹ አጃና ገብስ ላይ መሆናቸውን አላሰበም። ከጠዋትና ከማታ አንዱን መርጠው ለዚያ ነጥብ ሁልጊዜ ያንኑ ይያዙ።

ምርጫውን የሚወስነው የፀሐይ አቅጣጫ ነው። ከሐይቅ ከተማ በኩል ባለው ዳር ቆመው ውሃውን ሲመለከቱ የጠዋት ጀምበር ፊት ለፊት ስለምትመጣ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ለዚያ ነጥብ ማታው ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ካለ ግን በማግሥቱ ይመለሱ።

በወር አንድ ቀን ይበቃል፤ ቀኑም በየወሩ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ይሁን። የገበያን ቀንና ከጥር 10 እስከ 12 ያሉትን ቀናት ይዝለሉ፤ ለጥምቀት ሕዝብ ወደ ውሃ በሚወርድበትና እልልታው በሚቀልጥበት ቀን ዝይ አጠገብ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ በጃንዋሪ አጋማሽ ላይ የሚያተኩር በመሆኑ፣ ይህም በእኛ ጥር 7 አካባቢ ስለሚውል፣ ከዓመቱ አንድ ቀን ብቻ መውጣት የሚችል ሰው ይህን ቀን ይምረጥ።

አራተኛ፦ ዕቃ ማዘጋጀት

ባይናኩላር 8 ጊዜ የሚያቀርበው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ለሦስት ሰው አንድ ቢሆንም ይሠራል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በጤዛ ይፈሳል)፣ ሰዓት፣ ጋቢ፣ ውሃና ቆሎ ይያዙ። በተጨማሪ አንድ እፍኝ ሽምብራ በቀኝ ኪስዎ ይጨምሩ፤ ጥቅሙ ቀጥሎ ይገለጻል።

አምስተኛ፦ መቁጠር

ነጥብዎ ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይቁጠሩ። ቁጭ ብለው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ የደነገጠው ይረጋጋል፣ በሣር ውስጥ የተደበቀው ይወጣል። ከዚያ ከወሰንዎ ግራ ጫፍ ጀምረው ወደ ቀኝ ብቻ ይቁጠሩ፤ ወደ ኋላ አይመለሱ።

እስከ መቶ የሚደርስ መንጋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሥር በሞላ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ያሸጋግሩ፤ ዓይንዎ ከመነጽሩ ሳይነሣ፣ አፍዎም ሌላ ሰው ሲያናግርዎት ሳይሳሳት፣ መጨረሻ ላይ የግራ ኪስ ሽምብራ በአሥር ተባዝቶ፣ አሥር ያልሞላው ቀሪ ሲጨመርበት ድምሩን ይሰጣል። በገበያ የሚሸጠው በአውራ ጣት የሚጫኑት መቁጠሪያም ያንኑ ይሠራል፤ ሽምብራው ግን ባትሪ አይፈልግም፣ ሲርብም ይበላል።

መንጋው ከመቶ ካለፈ ወይም መብረር ከጀመረ በግምት መቁጠር ያስፈልጋል። መጀመሪያ አሥሩን አንድ በአንድ ይቁጠሩና አሥር ዝይ በመነጽሩ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ልብ ይበሉ፤ ያንን ስፋት እንደ ክንድ እየለኩ በመንጋው ላይ ይደርድሩት። በግምት የሚቆጥር ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው፤ በተለይ መንጋው ሲጠጋጋ። ልምምዱ ቤት ውስጥ ይቻላል፦ ሰፌድ ላይ አንድ እፍኝ ምስር በትነው በአምስት ሰከንድ ይገምቱ፣ ከዚያ ለቅመው ይቁጠሩ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ግምትዎ ከእውነቱ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሲያዩ ይገረማሉ፤ የምስሩም እንክርዳድ በዚያው ይለቀማል።

ትልቁ ስሕተት አንድን መንጋ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለተኛው ነጥብ ላይ ቆጥሬ በመኪና ወደ ሦስተኛው ስሄድ፣ ያው መንጋ በአየር ቀድሞኝ ሄዶ አርፎ ኖሮ እንደገና ቆጥሬዋለሁ። ያወቅሁት ከመንጋው ውስጥ አንዱ በግራ እግሩ ያነክስ ስለነበር ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ በቆጠራው ጊዜ ከተቆጠረው ወገን ተነሥቶ ወደ ፊት የሚበር መንጋ ከታየ፣ ሰዓቱ፣ ብዛቱና አቅጣጫው ይጻፍ፤ በቀጣዩ ነጥብ ላይ ተመሳሳይ ብዛት ያለው መንጋ ከተገኘ አይደመር። ሰው ካለ ሁሉም ነጥቦች በአንድ ሰዓት በተለያዩ ሰዎች ቢያዙ ይህ ችግር በአብዛኛው ይቃለላል፤ በስልክም «ወደ እናንተ ሃያ ያህል መጡ፣ አያችኋቸው?» መባባል ይቻላል።

ጫጩቶች ለብቻ ይቆጠሩ። የግብጽ ዝይ በአብዛኛው ከ5 እስከ 12 እንቁላል ጥላ ለ28 ወይም ለ30 ቀናት ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም ለመብረር ሁለት ወር ከአሥር ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። ከጥንዶቹ ጋር ስንት ጫጩት እንዳለ በየወሩ ከተመዘገበ፣ ከተፈለፈሉት ውስጥ ስንቱ እንዳደገ ማወቅ ይቻላል። ለቆጠራ ሲሉ ግን ወደ ጎጆ አይጠጉ።

ስድስተኛ፦ መመዝገብ

እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ መስመር ይኑረው። ለናሙና ያህል፦ «ጥር 7፤ ሐይቅ፣ ነጥብ 2፤ ከ12፡40 እስከ 1፡15፤ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም፤ የግብጽ ዝይ 46፣ ከእነዚህ ጫጩት 7፤ 12ቱ በ1፡05 ወደ ምሥራቅ በረሩ፤ ሁለት ልጆች ከብት አጠጡ፤ ቆጣሪ ሁለት ሰው» ተብሎ ይጻፋል። ምንም ዝይ ካልታየ «0» ይጻፍ፤ ባዶ መስመር ግን «አልተቆጠረም» ማለት ስለሆነ ሁለቱ አይምታቱ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ለመቁጠር የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ወር ባዶውን ይቀመጥ እንጂ በፊትና በኋላ ባሉት ወራት አማካይ አይሞላ። ሁለት ቆጣሪዎች የተለያየ ቁጥር ካገኙም ሁለቱም ይጻፍ፤ በሽምግልና አይስማሙበት።

ሰባተኛ፦ «ጨመረ» ለማለት መብቃት

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የአንድ ዓመት ጥር ከሌላው ዓመት ጥር ጋር ብቻ ይነጻጸራል፤ የጥርን ቁጥር ከሐምሌ ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ምንም አይባል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። በሐይቅ በሦስት ተከታታይ ጥሮች 40፣ 52 እና 61 ዝይ ተቆጠረ እንበል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዝዩ በግማሽ ጨመረ ይላል። በአርድቦ ግን በእነዚያው ጠዋቶች 30፣ 17 እና 9 ተቆጥሮ ከሆነ፣ የሁለቱ ድምር 70፣ 69 እና 70 ነው፤ ዝዩ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልበዛም። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጠዋት መቆጠር ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር የላባ ለውጥ ነው። ዝይ በዓመት አንድ ጊዜ የመብረሪያ ላባዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጥል፣ ለጥቂት ሳምንታት መብረር ተስኖት ሰፊ ውሃ ላይ ተሰብስቦ ይቆያል። ዳርቻው ረጃጅም ላባ ከተነጠፈበት፣ ሲጠጉትም ከመብረር ይልቅ እየሮጠ ውሃ ውስጥ ከገባ፣ ያዩት ብዛት የስብሰባ ብዛት ነው። በማስታወሻው ላይ «ላባ ጥሏል» ብለው ይጻፉ፤ በዚህ ጊዜ በጀልባ ማሳደድ ደግሞ ከጭካኔ አይተናነስም። የመኸር ማብቂያም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ የጤፍና የማሽላ ቃርሚያ ባለበት ማሳ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። የሐይቁ ውኃ ሸሽቶ አዲስ ሣር የበቀለበት ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቋሚ ድንጋይ መርጠው ውሃው ከእርሱ ስንት እርምጃ እንደራቀ በየወሩ ይመዝግቡ። የሁለቱ ሐይቆች ድምር ከዓመት ዓመት ከፍ ካለና ያደጉ ጫጩቶችም ከጨመሩ ግን ያን ጊዜ «ጨመረ» ለማለት ይቻላል።

ስምንተኛ፦ የሞተ ወፍ ቢያጋጥም

በእጅ አይንኩ፤ ልጆችና ውሾች እንዲርቁ ያድርጉ። ከሁለት በላይ በአንድ ቦታ ሞተው ከተገኙ ወይም አንገቱ የተጣመመና ሚዛኑን የሳተ ወፍ ከታየ፣ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ይደውሉ። ቡቃያው የተበላበት ገበሬ መርዝ ለመበተን ሲያስብ ከሰሙም ቁጣ አይሠራም፤ መርዙ ለከብቱና ለዶሮው እንደሚተርፍ ማስረዳት ይሻላል፣ ቡቃያው እስኪጠነክር ድረስም ሰው ጠዋትና ማታ ቢጠብቅ ይበቃል።

ዘጠነኛ፦ ማስተላለፍ

ከደብተሩ ቅጂ አንዱ ቤት፣ አንዱ በክበቡ ወይም በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራንና የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እንዲህ ያለ መዝገብ የሚጠቅማቸው ናቸው። ስማርት ስልክ ያለው ሰው ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከል ያዘጋጀውን ኢበርድ የተባለ ነፃ መተግበሪያ ሊጠቀም ይችላል። መተግበሪያው የሚቀበለው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት በመሆኑ መለወጥ አይርሱ፦ የእኛ ጠዋት 12፡40 በእርሱ 6፡40 ነው። እኔ በመጀመሪያው ወር ሳልለውጥ በማስገባቴ፣ ዝዮቼን ሁሉ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በጨለማ የቆጠርኩ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ፤ እርማቱም ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል።